ገንዘብ ያዡና መዘምራኑ

ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ከቴነሲዋ ናሽቪል በባቡር የተነሣውን የመዘምራን ቡድን የመራው ሰው በሙዚቃ አልተመረቀም። ጆርጅ ዋይት የፊስክ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ነበር። የኒው ዮርክ አንጥረኛ ልጅ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ሠራዊት ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ነፃ የወጡትን ባሮች ሊያስተምር ደቡብ ወረደና እዚያው ቀረ። ሒሳብ መያዝ እንጀራው፣ መዝሙር ማስተማር ፍቅሩ ነበር። ካዝናው ሲራቆትበት ሁለቱን አገናኛቸው። ዘጠኝ ወጣቶችን አስከትሎ፣ ከካዝናው የተረፈችውን ጥቂት ገንዘብ የመንገድ ስንቅ አድርጎ፣ ትምህርት ቤቱን በዝማሬ ከመዘጋት ሊያድን ወጣ። ፊስክን የሚያስተዳድረው የሚሲዮናውያን ማኅበር ጉዞውን አልደገፈም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች የድምፅና የኅብረ ዝማሬ መምህርነት ሲወለድ ትስስሩ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ነበር። ይህ አጀማመር ከዚያ በኋላ በሙያው ላይ ለመቶ ዓመት ያህል ጥላውን አጥልቶ ቆየ ባይ ነኝ። ኮሌጁ መምህሩን የሚቀጥረው መዘምራን አሠልጥኖ ገንዘብና ስም እንዲያመጣለት ነው። መምህሩ ግን እየቆየ የሙዚቃ ደራሲ ይሆናል፣ ተመራማሪ ይሆናል፣ «ይህ መዝሙር እንዴት ይዘመር?» ለሚለው ጥያቄ የራሱን መልስ ያበጃል። ከዚያ ወዲያ ከፕሬዚዳንቱ ጋር መኳረፍ አይቀርም። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሰዎች የሕይወት ታሪክ ጎን ለጎን ያነበበ፣ የሹመቱም የመለያየቱም ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተደጋገመ ያገኘዋል።

ፊስክ በ1866 ሲከፈት ክፍሎቹ የሰሜኑ ጦር ሆስፒታል ያደረጋቸው የእንጨት ቤቶች ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ አርጅተው ሊፈርሱ ደረሱ። ዋይት ከተማሪዎቹ ጋር መጀመሪያ ያዘጋጀው ዝግጅት በዘመኑ የነጮች አዳራሽ የሚሰማውን ዓይነት ነበር፤ ካንታታ፣ የአገር ፍቅር መዝሙር፣ ሰው የለመደው ዘፈን። ወላጆቻቸው በጥጥ እርሻ ላይ ሲያዜሟቸው የነበሩትን መንፈሳዊ መዝሙሮች፣ በኋላ ስፒሪቹዋል የተባሉትን፣ ተማሪዎቹ በሰው ፊት ማውጣት አልፈለጉም። ያለፈውን መከራ ያስታውሷቸዋል፤ ደግሞም ጸሎት ናቸው፣ ለትኬት ገዢ የሚቀርቡ አይደሉም። ዋይት የሰማቸው በር ተዘግቶ፣ ለራሳቸው ሲዘምሩ ነው።

ከዋይት እኩል፣ ምናልባትም ከዋይት ይልቅ፣ መምህር የምላት ኤላ ሼፐርድ ናት። በ1851 ናሽቪል ውስጥ በባርነት ተወለደች፤ አባቷ ነፃነቷን በገንዘብ ገዛላት። ሲንሲናቲ ሳለች ፒያኖ ያስተማረቻት ነጭ መምህርት የተቀበለቻት ማታ ማታ በጓሮ በር እንድትገባ፣ ማን እንደምታስተምራትም ለሰው እንዳትናገር ተስማምታ ነው። ፊስክ ስትመጣ የያዘችው ገንዘብ ከጥቂት ሳምንት የማያልፍ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር መምህርት ሆነች። በጉዞው ላይ ፒያኖ የምትመታው፣ ልምምድ የምትመራው፣ መዝሙሮቹን ከየጓደኞቿ አፍ የምትሰበስበው እሷ ነበረች። በጋዜጣ የሚጠራው ስም ግን የዋይት ነው። የእሷ ድርሻ በወጉ መነገር የጀመረው ብዙ ቆይቶ ነው።

ዋይት በልምምድ ጊዜ ቀልድ አያውቅም። የሚፈልገው ከሹክሹክታ ያልበለጠ፣ ግን ከአዳራሹ ጥግ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነበር። አንዱ ድምፅ ከሌላው ተነጥሎ እንዳይወጣ፣ ቃላቱ እንዳይድበሰበሱ፣ ትንፋሹ አብሮ እንዲገባና አብሮ እንዲወጣ። ዛሬም ማንኛውም የኮሌጅ መዘምራን አሠልጣኝ በመጀመሪያው ሳምንት የሚለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ጎረቤትህን ስማ፣ አናባቢውን አንድ አድርግ፣ አትጩኽ። ዋይት በትዕይንቱ ጊዜ ከመድረክ ራቅ ብሎ ከሕዝቡ መካከል መሆንን ይመርጥ ነበር ይባላል፤ የፊስክ መዘምራን እስከ ዛሬ ፊታቸው ላይ የሚቆም መሪ ሳይኖራቸው ነው የሚዘምሩት። ይህን ለመቻል ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ ኅብረ ዝማሬ ውስጥ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መራር ነበሩ። ሆቴሎች ፊት ነሷቸው። ሲንሲናቲ ላይ የተዋጣላቸውን ገንዘብ፣ ሃምሳ ዶላር እንኳን የማይሞላውን፣ በዚያው ሰሞን ቺካጎ ላይ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡት። ለራሳቸው የመንገድ የሌላቸው ወጣቶች! ኦሃዮ ውስጥ በኦበርሊን የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ እነዚያን ተደብቀው የሚዘመሩ መዝሙሮች ሲያሰሙ ነው ነገሩ የተለወጠው። ኮለምበስ ላይ ዋይት ለቡድኑ ስም አወጣለት፤ በብሉይ ኪዳን ባሪያ ነፃ ከሚወጣበት ዓመት ወስዶ የኢዮቤልዩ መዘምራን አላቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ 20,000 ዶላር ይዘው ተመለሱ። በ1873 እንግሊዝ ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ከዚያ ጉዞ ያመጡት 50,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተሠራው ባለ ስድስት ፎቅ የኢዮቤልዩ አዳራሽ በ1876 መጀመሪያ ተመረቀ፤ አሁንም ቆሟል።

ሕንፃው ቆመ፣ ሰዎቹ ግን አለቁ። ከመዘምራኑ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ዓመት ከዓመት በባቡርና በመርከብ ሲንከራተቱ ጤናቸው ተቃወሰ። የሚሲዮናውያኑ ማኅበር ገንዘቡ በጣፈጠው ቁጥር ሌላ ጉዞ ይፈልጋል። በ1878 ጀርመን ውስጥ ቡድኑ ተበተነ። ዋይት በኋላ በራሱ ኃላፊነት ሌላ ቡድን አቋቁሞ ሲዞር በ1885 ከመድረክ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው መምራት አልሆነለትም። በ1895 አረፈ።

የላቲን አስተማሪው

ዋይት ከሄደ በኋላ ፊስክ ውስጥ መዝሙሮቹን የታደጋቸው ሰው የቀን ሥራው ላቲንና ታሪክ ማስተማር ነበር። ጆን ዌስሊ ወርክ ከወንድሙ ከፍሬድሪክ ጋር ሆኖ ከየሰፈሩ መዝሙር እየለቀመ በኖታ አሰፈረ፤ በ1901 የመጀመሪያ ስብስባቸው ታተመ። በ1909 እሱ ራሱ በቴነር የዘመረበት የአራት ወንዶች ቡድን ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ቀረጸ። በ1915 ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሕዝባዊ መዝሙር የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። የላቲኑ ደመወዝ ነው የመዝሙሩን ሥራ የሚያኖረው፤ ለዝማሬው የሚከፈለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ዘመኑ ግን ተቀይሮ ነበር። ከተማሪዎቹም ከአስተዳደሩም ወገን እነዚህ መዝሙሮች ኋላ ቀር ናቸው፣ የባርነት ሽታ አለባቸው የሚል ወገን በረታ። ኮሌጁ የተሠራባቸው መዝሙሮች ለኮሌጁ አሳፋሪ ሆኑ ማለት ነው። ወርክ በ1923 ለመልቀቅ ተገደደ። እዚያው ናሽቪል የሚገኘውን የሮጀር ዊልያምስን ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት ተረክቦ በሁለት ዓመቱ ሞተ።

ልጁ፣ ሦስተኛው ጆን ወርክ፣ በ1927 ፊስክ ገብቶ እስከ 1966 አስተማረ። የእሱ ታሪክ ከአባቱ ይልቅ ያናድደኛል። በ1940 ሚሲሲፒ ውስጥ ናቼዝ ላይ የዳንስ ቤት ተቃጥሎ ከሁለት መቶ በላይ ጥቁሮች አለቁ። ወርክ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ወዲያው የሙሾ ዘፈን ማፍለቁ አይቀርም፣ እንሂድና እንሰብስብ ብሎ ለፊስክ አመለከተ። ሐሳቡ እየሰፋ ሄዶ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጋር በጋራ የኮሆማ አውራጃ ጥናት ሆነ። በ1941 ክረምት ወርክና የቤተ መጻሕፍቱ ሰው አለን ሎማክስ በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ ያገኙትን ጊታር መቺ ቀረጹት፤ በኋላ ዓለም መዲ ወተርስ ብሎ ያወቀው ነው። የወርክ ጽሑፍና በእጁ የገለበጣቸው ኖታዎች ግን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲንከራተቱ ጠፉ ተባሉ። ሎማክስ በ1993 ስለ ጥናቱ በጻፈው መጽሐፍ ለወርክና ለፊስክ ባልደረቦቹ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነበር። የእነሱ ሥራ ተፈልጎ ተገኝቶ የታተመው በ2005 ነው፤ ወርክ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎታል። በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምር፣ መዘምራን የሚያሠለጥን፣ ለኮሌጁ በዓል ሁሉ ዝግጅት የሚያቀርብ መምህር የራሱን ወረቀት ተከታትሎ የሚያሳትምበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ሰው ብቻ ሳይሆን የሥራው ብዛትም በድሎታል።

ዴት በሃምፕተን

ናታንኤል ዴት ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ የተማረ ነበር፤ ችግሩም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። በ1882 ካናዳ ውስጥ ኒያጋራ ፏፏቴ አጠገብ፣ በባርነት ጊዜ ያመለጡ ሰዎች በሰፈሩበት መንደር ተወለደ። በ1908 ከኦበርሊን በፒያኖና በድርሰት ተመረቀ፤ በዚያ ትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ ነው። ቴነሲና ሚዙሪ ውስጥ በሁለት ትንንሽ ኮሌጆች አስተምሮ በ1913 ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሃምፕተን ተጠራ። እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

ዴት የመዘምራን ቡድኑን ያሳደገበት መንገድ የሃምፕተንን ሰዎች አላስደሰተም። ቱጃር ለጋሾቹና አስተዳደሩ ስፒሪቹዋሉ እርሻ ላይ እንደተዘመረው «በተፈጥሮው» እንዲቀርብ ይፈልጉ ነበር፤ የሚያለቅስ ቱጃር ቦርሳውን ይከፍታል። ዴት ደግሞ የሕዝቡን መዝሙር እንደ ጥሬ ዕቃ ቆጥሮ በስምንት ድምፅ የሚዘመር ትልቅ ድርሰት ይሠራበታል። ሩሲያውያን፣ ቦሄሚያውያን ከሕዝብ ዜማቸው ሲምፎኒ ሲያወጡ ድንቅ የተባለ ነገር ለእኛ ለምን ነውር ሆነ ነው ክርክሩ። በ1920 ሃርቫርድ ለአንድ ዓመት ትምህርት ሄዶ በዚሁ ጉዳይ የጻፈው መጣጥፍ የቦውዶይን ሽልማት አገኘ። ክርክሩን ሃርቫርድ ላይ አሸነፈ፤ ሃምፕተን ላይ አላሸነፈም።

በ1928 ቡድኑ ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ዘመረ። በ1930 አርባ ያህል ተማሪዎችን ይዞ ሰባት የአውሮፓ አገሮችን ዞረ፤ ከዓመት በፊት ለራሱ ፈረንሳይ ሄዶ ከዝነኛዋ የሙዚቃ መምህርት ከናዲያ ቡላንዤ ተምሯል። ከዚህ ድል በኋላ መምህሩ ደመወዝ ይጨመርለታል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። የኮሌጁ አዲሱ ፕሬዚዳንት ግን መልቀቂያ እንዲያስገባ ጠየቁት፤ በ1932 ሃምፕተንን ተሰናበተ። በዚያው ዓመት፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ ሮቸስተር ከሚገኘው ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተርሱን ያዘ። እዚያ የጀመረው የሙሴ ታሪክ ኦራቶሪዮ በ1937 በሲንሲናቲ የግንቦት ፌስቲቫል ቀርቦ ኤንቢሲ ሬዲዮ በቀጥታ ሲያስተላልፈው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ምክንያቱ ቀድሞ የተያዘ ሌላ ፕሮግራም ነው ተባለ። ሥራው ሳይቆራረጥ ከካርኔጊ አዳራሽ በሬዲዮ የተላለፈው በ2014 ነው። ዴት እስከ 1942 ኖርዝ ካሮላይና በቤነት ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1943 የጦር ሠራዊት አገልግሎት የሴቶች መዘምራን እየመራ ሳለ ሚሺጋን ላይ ልቡ ቆመ።

ከዚያው ከኢስትማን ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመርቋል። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1962 ከዚያ ተምረው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ዶክትሬታቸውን አሜሪካ ሠርተው በኋላ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መርተዋል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብም ከአዲስ አበባ በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አስተምረዋል። ሁለቱም የኅብረ ዝማሬ ሰዎች አይደሉም። ዴት የተከራከረበት ጥያቄ ግን፣ የሕዝብ ዜማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምን ይሁን የሚለው፣ የእነሱም የዕለት ሥራ ነበር።

ዶሰን፣ ወይም ያልተኳረፈው

ዊልያም ዶሰን ከዴት የሚለየው ቀጣሪውን አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር ይመስለኛል። አላባማ አኒስተን በ1899 ተወልዶ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ተስኪጊ ገባ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ገና በሕይወት ነበር። እርሻ ላይ እየሠራ ክፍያውን ሸፈነ፤ ትሮምቦን መንፋት ተማረ፤ በመዘምራኑም ውስጥ ቆመ። ከዚያ ካንሳስ ሲቲ ሄዶ በ1925 ከሆርነር የሙዚቃ ተቋም በከፍተኛ ማዕረግ ሲመረቅ ከነጭ ተመራቂዎች ጋር መድረክ ላይ መቀመጥ ተከለከለ። የራሱ ድርሰት ሲጫወት ሰገነት ላይ ለጥቁሮች በተለየው ቦታ ሆኖ አደመጠ፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ተነሥቶ እጅ መንሣት እንኳን አልተፈቀደለትም።

በ1931 ተስኪጊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከፍት እንዲመራው የተጠራው ይኸው የድሮ ተማሪ ነው። ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ በ1932 ዲሴምበር መጨረሻ፣ ኒው ዮርክ ላይ የራዲዮ ሲቲ ሙዚቃ አዳራሽ ሲመረቅ መዘምራኑን ይዞ ቀረበ። የኢኮኖሚ ድቀቱ በበረታበት ጊዜ የኮሌጁ ስም በአገሩ ሬዲዮ ላይ መጠራቱ ከገንዘብ በላይ ነበር። በ1934 ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ የዶሰንን ሲምፎኒ አቀረበለት። ተቺዎቹ አወደሱት፤ ከዚያ ግን ሥራው ከመድረክ ራቀ። ሁለተኛ ሲምፎኒ አልጻፈም።

ለምን አልጻፈም ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዶሰንን የሥራ ቀን ያስብ። መቶ የሚያህል መዘምራን፣ በየእሑዱ የቤተ ጸሎት ዝማሬ፣ መምህራን መቅጠር፣ በጀት መለመን፣ አውቶቡስ ማፈላለግ፣ በዘር ሕግ በተከፈለ ደቡብ ውስጥ መቶ ጥቁር ወጣት የት እንደሚያድርና የት እንደሚበላ ማሰብ። በዚህ መካከል ለመዘምራኑ የሚሆን አጭር ሥራ በምሽት መጻፍ ይቻላል፤ ሲምፎኒ ግን አይጻፍም። የተረፈን ያ አጭሩ ነው። ለተስኪጊ ልጆች ያዘጋጃቸው የስፒሪቹዋል ቅንብሮች ዛሬ ከፊሊፒንስ እስከ ስዊድን በትምህርት ቤት መዘምራን ይዘመራሉ፤ ስለ ነቢዩ ሕዝቅኤል መንኰራኵር የሠራው ለወጣት ባሶችና ቴነሮች እስከ ዛሬ ፈተና ነው። በ1955 ተስኪጊን ተሰናበተ። እስከ 1990 ኖረ፤ በእነዚያ ዓመታት እንግዳ መሪ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እየተጋበዘ ዞረ። ከነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ በወጣትነቱ በበራቸው የማያስገቡት ነበሩ።

የድምፅ መምህሩ ክፍል

መዘምራን የሚመራ ሰው ቢያንስ በመድረክ ይታያል። የድምፅ መምህር ግን ሥራው ከአንድ ተማሪ ጋር፣ በር ተዘግቶ፣ በፒያኖ ዙሪያ ነው። ትንፋሽ ከየት ይነሣል፣ መንጋጋ ለምን ይጠነክራል፣ አንድ ወጣት ሶፕራኖ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ የኦፔራ ሥራ ለመዝፈን ስትቸኩል እንዴት ትያዛለች። የተማሪው ስም ሲገንን የመምህሩ ስም በፕሮግራም ወረቀቱ ጀርባ በትንሹ ይጻፋል፣ ከተጻፈ።

ሉሉ ቪየር ቺልደርስ ከኦበርሊን በ1896 ተመርቃ በ1905 ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እስከ 1940 ቆይታ የሙዚቃውን ክፍል ወደ ትምህርት ቤትነት አሳደገችው። ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን በየዓመቱ ሃዋርድ መጥታ እንድትዘፍን ካደረጉት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። አድማጩ በየዓመቱ እየበዛ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጠበበ። በ1939 ሃዋርድ የከተማዋን ትልቁን የኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ሊከራይ ጠየቀ፤ የአዳራሹ ባለቤት የሴቶች ማኅበር ለጥቁር ዘፋኝ አናከራይም አለ። የተከተለው የታወቀ ነው፤ ኤፕሪል 9 ቀን በሊንከን ሐውልት ደጅ 75,000 ሰው። ታሪኩ ሲነገር አንደርሰን ትነሣለች፣ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ትነሣለች። በዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ክፍል የዓመቱን ኮንሰርት ለማዘጋጀት ደብዳቤ የሚጻጻፉት ሰዎች አይነሡም። ነገሩ የጀመረው ግን በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቶድ ደንከን በዚያው ሃዋርድ ከ1930 እስከ 1945 ድምፅ አስተማረ። በ1935 የሙዚቃ ደራሲው ገርሽዊን ለኦፔራው ዋና ገጸ ባሕርይ ለፖርጊ ሲመርጠው ደንከን የዩኒቨርሲቲ መምህር እንጂ የብሮድዌይ ሰው አልነበረም። ትርኢቱ በ1936 ዋሽንግተን ሲመጣ ጥቁር ተመልካች በማያስገባ ቲያትር ቤት አልዘፍንም አለ፤ ባልደረቦቹም ተከተሉት፤ ቲያትር ቤቱ ለእነዚያ ቀናት በሩን ለሁሉ ከፈተ። የራሱ ተማሪዎች መምህራቸውን ማየት በማይችሉበት አዳራሽ እንዴት ይቆማል? በ1945 በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ከመድረክ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ በ1998 በዘጠና አምስት ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ተማሪ አልተለየውም።

አንዲን ስሚዝ ሙር ቨርጂኒያ ስቴት ኮሌጅ በ1927 ተቀጥራ በ1972 ጡረታ ወጣች። አርባ አምስት ዓመት፣ አንድ ቦታ። የኮሌጁ የልምምድ ትምህርት ቤት መዘምራን ኖታ መግዣ በጀት ስላልነበራቸው ራሷ እየጻፈች ታሠለጥናቸው ነበር፤ ደራሲነቷ የተጀመረው በዚያ ነው። ራሷን መምህርት አድርጋ ነው የምትቆጥረው፤ ድርሰቱ ተከትሎ የሚመጣ ነበር። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ የጻፈችው ትልቁ ሥራዋ የተጠናቀቀው ከጡረታ በኋላ በ1981 ነው፤ ለፑሊትዘር ታጨ። ማስተማር ስታቆም ነው ረጅም ነገር ለመጻፍ ጊዜ ያገኘችው። ከዶሰን ጋር ሲተያይ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከዚያው ኮሌጅ የወጣችው ካሚላ ዊልያምስ በ1946 በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ «ማዳማ በተርፍላይ»ን ዘፈነች፤ ከአገሪቱ ትልቅ የኦፔራ ቤት ጋር ውል የፈረመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1963 በዋሽንግተኑ የመብት ሰልፍ ላይ ብሔራዊ መዝሙሩን የዘመረችው እሷ ነች። በ1977 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠራት፤ በዚያ ሹመት የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበረች፤ ሃያ ዓመት አስተማረች። በኋላ በኦፔራ የታወቀችው ሊዮንታይን ፕራይስም ኦሃዮ ኮሌጅ ስትገባ የትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህርት ልትሆን ነበር። በዚያን ጊዜ ለአንዲት ጥቁር ዘፋኝ ኦፔራ ምኞት ነው፤ መምህርነት እንጀራ ነው። ሌላዋ የኦፔራ ዘፋኝ ጄሲ ኖርማን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ፊላዴልፊያ ከውድድር ስትመለስ በመንገዷ ሃዋርድ ጎራ ብላ ለካሮሊን ግራንት ዘፈነች፤ ሙሉ የትምህርት ዕድል አግኝታ የእሷ ተማሪ ሆነች። ስለ ግራንት ከዚህ ሌላ የሚያውቅ አንባቢ ስንት ነው?

ዛሬ የሙያው ደጃፍ ሌላ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ በሙዚቃ ሙያ የሚሰጠው ዶክትሬት ተስፋፍቶ፣ ዋይትም ሆነ ላቲን አስተማሪው ወርክ ዛሬ ቢያመለክቱ ማመልከቻቸው ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም። ቋሚ ቅጥር ያገኘ ሰው ስድስት ዓመት ገደማ ተፈትኖ የዕድሜ ልክ ዋስትና ያገኛል፤ ያላገኘው በሰዓት እየተከፈለው ከሁለትና ከሦስት ኮሌጅ ይሮጣል። በብዙ ኮሌጆች አንድ ሰዓት የግል የድምፅ ትምህርት ከአንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ያነሰ ይቆጠራል፤ የተለመደው ሁለት ሦስተኛ ነው። አንድ የታሪክ መምህር በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት አስተምሮ ሙሉ ጭነት ያዘ ሲባል የድምፅ መምህር አሥራ ስምንት ተማሪ ይቀበላል። ለእኔ ይህ ስሌት ከዋይት ዘመን የተረፈ ነው፤ የዝማሬ ሥራ እንደ ትምህርት ሙሉ በሙሉ እስካሁን አልተቆጠረም።

ፊስክ ግን ከሁሉ የሚገርም ሹመት ሰጥቷል። ፖል ክዋሚ ጋና ውስጥ ዊኔባ ላይ ሙዚቃ ተምረውና አስተምረው በ1983 ተማሪ ሆነው ናሽቪል መጡ፤ ከኢዮቤልዩ መዘምራን ጋርም ዘመሩ። በ1994 የቡድኑ ዳይሬክተር ሆኑ። ከአፍሪካ የመጣ ሰው የእነዚያን መዝሙሮች ባለአደራ ሲሆን ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በቦታው ቆዩ፤ እንደ ወርክ አልተባረሩም፣ እንደ ዴት መልቀቂያ አልተጠየቁም። በ2008 ቡድኑ የአሜሪካን ብሔራዊ የጥበባት ሜዳልያ ተቀበለ፤ በ2021 በኮሌጁ 150ኛ ዓመት መታሰቢያ አልበም ግራሚ አገኘ። ክዋሚ በሥራ ላይ ሳሉ በ2022 አረፉ። የተኳቸው ጂ. ፕሬስተን ዊልሰን ጁኒየር ናቸው፤ በተማሪነት ዘመናቸው በክዋሚ ሥር የዘመሩ፣ ትምህርታቸውም የሙዚቃ መምህርነት። ቡድኑ ዛሬም ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየከተማው ይዞራል፤ ተማሪ ይመለምላል፣ ለዩኒቨርሲቲውም ስጦታ ያሰባስባል፤ ዳይሬክተሩም ክፍል ገብተው ያስተምራሉ።